የተደፋው ሳህን

የወንድሜን መርዶ የሰማሁት የቧንቧ መክፈቻ ስገዛ ነው።

መርዶ ሥርዓት አለው። በስልክ አይነገርም፣ በደብዳቤ አይላክም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት እንዲያውቅ ይደረጋል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ደጅ ተመጥቶ ይነገራል። ሐዘንተኛዋ ወድቃ እንዳትጎዳ ግራና ቀኝ የሚይዟት ሁለት ብርቱ ሴቶች ይቆማሉ። እኔ ራሴ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የስንቷን ክንድ ይዣለሁ። የእኔን ክንድ የያዘ ግን አልነበረም። ለቡ መብራት ኃይል፣ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ባንኮኒ ተደግፌ ተረዳሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኩሽናዬ ቧንቧ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያንጠባጥብ ከረመ። ጠጋኙ ዛሬ ነገ እያለ ሲያሾፍብኝ ጊዜ ተናድጄ፣ ዕቃውን ራሴ ልግዛው ብዬ ታክሲ ይዤ ለቡ ወረድኩ። ሰባ አምስት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ያመኛል፣ ዓይኔም ያለ መነጽር ሩቁን እንጂ ቅርቡን አያይም። ምላሴ ግን ገና አላረጀም።

ባለሱቋ ሐሚዳ የምትባል አርባዎቹን ያጋመሰች ደርባባ ሴት ናት። ዕቃውን ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ከባንኮኒው ጀርባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ አየሁ። ጥቁርና ነጭ ነው። ረጅም የምግብ አዳራሽ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ ነጭ ኮት ያደረገ ፈረንጅ አስተናጋጅ፣ ከኋላ ክብ ክብ መስኮቶች። ከፊት ከተቀመጡት ሁለቱ የእኛ አገር ልጆች ናቸው፤ ከረባት አስረዋል። ከሁለቱ አንዱ ወንድሜ ገሠሠ ነው።

«ይሄ ማነው?» አልኳት ስትመለስ።

«አባቴ ነው እማማ። በሃምሳ አራት በመርከብ ፈረንሳይ አገር ለትምህርት ሲሄድ የተነሳው ነው።»

«አጠገቡ ያለውስ?»

«እሱ ጓደኛው ነው። መርከቡ ላይ ሞቶ ባሕር ውስጥ ነው የቀበሩት ይላል አባቴ። ሙቅና ቀዝቃዛ ያለውን ነው የሚፈልጉት ወይስ አንዱን?»

«አንዱን» አልኳት። ሰው እንዲህ ነው። ወንድሙ ሞተ ሲባል ስለ ቧንቧ ይመልሳል።

ገሠሠ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። የመንግሥት የትምህርት ዕድል አግኝቶ በሃምሳ አራት ሐምሌ መጨረሻ በባቡር ጂቡቲ ወረደ፤ ከዚያ በመርከብ ሊሄድ። እናታችን ራሷ የፈተለችውን ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ፣ ለገሃር ጣቢያ አጠገቡ የቆመውን ጓደኛውን «አንተ ልጅ፣ አደራህን» አለችው። ልጁም «እሺ እማማ» አለ። አብደላ እንደሚባል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እኔ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ከጂቡቲ አንድ ደብዳቤ መጣ። መስከረም ላይ ደግሞ የመርከብ ሥዕል ያለበት ፖስታ ካርድ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «ውድ እናቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። መርከቡ ትልቅ ነው። ምግቡም መልካም ነው፤ ዛሬም ዶሮ ሰጡን። ልጅዎ ገሠሠ። ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን።»

ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ጣቷን ትቆጥር ጀመር። ነሐሴ አሥራ ሁለት ፍልሰታ ነው። ፍልሰታን ሕፃን እንኳ ይጾመዋል። «ገና ከደጄ ሳይርቅ ሃይማኖቱን በዶሮ ሸጠው» አለች። የእጅ ጽሑፉ ከጂቡቲው ደብዳቤ የተለየ መሆኑን አይቻለሁ። መርከቡ ተወዛውዞበት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ አሥራ ሁለት ዓመቴ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። የላከው መሥሪያ ቤት ሄደን ብንጠይቅ «ከመዝገቡ የለም፣ ትምህርቱን ትቶ ኮብልሎ ይሆናል» አሉን። እናቴም ሃይማኖቱን የሸጠ እናቱን ቢሸጥ ምን ይገርማል ብላ ፎቶውን ከግድግዳ አወረደች። በቤታችን ስሙ አይጠራም ነበር። በሰባ ሦስት ልትሞት ስትል «በለቅሶዬ ላይ ስሙ እንዳይነሳ» አለችኝ። አላነሳሁም። ጎፋ ገብርኤል መቃብሯ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪኳን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «የአንዲት ሴት ልጅ እናት» ይላል። እውነቱን ለመናገር ከኑዛዜዋ ይልቅ ያጻፈኝ የራሴ ንዴት ነው። በሠርጌ ቀን ወንድም ሆኖ የሚሸኘኝ ጠፍቶ የጎረቤት ልጅ ሲሸኘኝ ረግሜዋለሁ። ጥሎን ሄደ ብዬ ስልሳ ሁለት ዓመት ተናድጄበት ኖሬያለሁ። እሱ ግን ከውሃ በታች ነበር።

«አባትሽ በሕይወት አለ?» አልኳት ሐሚዳን።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለ። ቤታችን እዚሁ ከኋላ ነው።»

ቧንቧውን እዚያው ትቼ ተከተልኳት። አብደላ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ሆኖ የሙስባሃ መቁጠሪያውን ይቆጥራል፣ ፀሐይ ይሞቃል። ሰማንያ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ጢሙ የነጣ፣ ልጆቹ የሚያከብሩት ሰው ነው። አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር። አንቱታዬን ሱቁ ውስጥ ጥዬው መጥቻለሁ።

«የገሠሠ እህት ነኝ» አልኩት።

ሙስባሃው ከእጁ ወደቀ። ሊነሳ ሞክሮ አቃተው። «ትሩፋት» አለ። ስሜን ያውቃል። ይሄ ደግሞ የባሰ አበገነኝ። ስሜን እያወቀ፣ ጎፋና ለቡ ይህችን ታህል ርቀት ሆኖ፣ ዝም ብሎ ቧንቧ ሲሸጥ ኖሯል።

ሐሚዳ ምንም ሳይገባት ወንበርና ውሃ አመጣችልኝ። ወንበሩን ተቀበልኩ፤ ውሃውን መለስኩ። «ንገረኝ። ከመጀመሪያው ጀምረህ፣ ሳታስቀር» አልኩት።

ነገረኝ። የተሳፈሩት ከውሃው በታች ባለው ክፍል ነው፤ ስድስት ሰው በአንድ ክፍል፣ አልጋው ላይና ታች። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ከትራሳቸው ሥር ይጮኻል። በመጀመሪያው ቀን ቡሽ የተሰፋበት ሰደርያ አልብሰው፣ መርከቡ ቢሰጥም ወዴት እንደሚሮጡ አለማመዷቸው። ገሠሠ ሰደርያውን አድርጎ «ቀበናን ያልዋኘሁ ሰው ቀይ ባሕርን በቡሽ ልሻገር ነው?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። አብደላ ይህን ሲናገር ፈገግ አለ። እኔ ፈገግ አላልኩም።

«ደረጃው ጫፍ ላይ ሰንሰለት ነበር» አለ። «ከሰንሰለቱ ወዲያ የሀብታሞቹ ነው። እያንዳንዳቸው ስማቸው የተጻፈበት የሸራ ወንበር አላቸው። ተጋድመው ባሕሩን ያያሉ፣ ሾርባ ይዞርላቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ ሙዚቀኛ ይጫወትላቸዋል። እኛ ከታች ሆነን ሙዚቃውን እንሰማ ነበር። ምግብ ሲደርስ አንድ ሰው ነሐስ እየደበደበ በመተላለፊያው ያልፋል። ለእኛም ቢሆን ጠረጴዛው ነጭ ልብስ ነበረው፤ የምግቡ ዝርዝር በየቀኑ ታትሞ ይቀመጣል። ማንበብ ግን አንችልም። እኔ አሳማ ይሆን ብዬ፣ እሱ ቅቤ ይሆን ብሎ፣ ሁለታችን ሳህን ስናሸት ፈረንጆቹ ይስቁብን ነበር።»

«ጾም ነበራ» አልኩት።

«ጾም ነበር። ቀኑ በፈረንጅ ስለሚቆጠር እንዳይጠፋው፣ ገና ጂቡቲ ላይ ወረቀት አስምሮ የእኛን ቀን ከጎኑ ጽፎት ነበር። ነሐሴ አንድ ሲገባ በቃ አለ። አስተናጋጁ እንቁላል ያመጣል፣ አይብ ያመጣል፣ እሱ እጁን ያወዛውዛል። ሰውየው ምግቡን የናቀ መስሎት ይብስ ይቆልልለታል። ኋላ ገሠሠ ዘዴ አገኘ። ገና ሲቀመጥ ሳህኑን ገልብጦ ይደፋዋል። የተደፋ ሳህን ላይ ማን ይጨምራል? ከዚያ ዳቦና ወይራ በላ። እስከ መጨረሻው ዳቦና ወይራ ነው።»

«ውሸትህን ነው» አልኩት።

«ወላሂ...»

«አትማልብኝ። በካርዱ ላይ ዶሮ ይላል። እናቴ በዚያ ዶሮ ነው የሞተችው።»

አብደላ አንገቱን ደፋ። ሐሚዳ «ምን ካርድ?» አለች።

«ዶሮውን የበላሁት እኔ ነኝ» አለ። «የእኛ ሰው ያላረደውን መብላት እንደሌለብኝ እያወቅሁ፣ ረሃብ አሸነፈኝና በላሁ። ካርዱን የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ የሞቱን ነገር ተናገረ። የስዊዝን ቦይ እንዳለፉ ገሠሠን ሆዱን ያመው ጀመር፤ በቀኝ በኩል። የመርከቡ ሐኪም አንዴ ብቅ ብሎ «ባሕር ነው ያዞረው፣ የታችኞቹን ሁሉ ያዞራቸዋል» ብሎ እንክብል ሰጠው። በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ ስምንት፣ ከምሳ በኋላ ሞተ። ማርሴይ ሊገቡ የቀራቸው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። አብደላ በተሰባበረ ፈረንሳይኛው የመርከቡን ሹም ለመነው፦ ሁለት ቀን አቆዩልኝ፣ መሬት ላይ ልቅበረው። ሹሙም የበረዶ ክፍሉ ለምግብ ነው አለው።

«ለዶሮው በረዶ ነበራቸው» አልኩት።

«ነበራቸው።»

«ለወንድሜ ግን አልነበራቸውም።»

«አልነበራቸውም።» ዓይኑን ጠረገ። «በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነው። የላይኞቹ ቁርሳቸው እንዳይበላሽ እነሱ ሳይነሱ መደረግ አለበት ተባለ። ሸራ ውስጥ ሰፉት፤ እግሩ ላይ ብረት አሰሩ። ጋቢውን ከሸራው ውስጥ ያለበስኩት እኔ ነኝ። የእናንተ ቄስ የለ፣ የእኛ ሼህ የለ። የክርስትና ስሙን እንኳ አላውቀውም። የማውቀውን አልኩለት። መርከቡ አልቆመም፤ ቀስ ብቻ አለ። ከሰዓት በኋላ ሙዚቃው እንደወትሮው ነበር።»

የወንበሩን ጠርዝ ጨብጬ ያዝኩ። ከሐዘን እንዳይመስላችሁ። መርከቡ አሁን የት እንደሆነ ባውቅ ሄጄ በድንጋይ እደበድበው ነበር። መርከቡ ግን የለም፤ ሹሙም ሐኪሙም ሞተዋል። የቀረልኝ አብደላ ነው።

«ለምን ጻፍከው?»

«መርዶ በወረቀት እንዴት ይላካል?» አለኝ። «ማርሴይ በደረስን በሁለተኛው ቀን ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። እናትሽ ታዩኝ። ደብዳቤ የሚያነብላቸው ልጅ ነው፤ አንቺ ነሽ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እናቷን ታርዳ? ስመለስ ሽማግሌ ይዤ፣ ደጃቸው ቆሜ እነግራቸዋለሁ አልኩ። እስከዚያ እንዳይጨነቁ ብዬ ጻፍኩ። ደስ የሚላቸው ምን ይሆን ብዬ ሳስብ ትዝ ያለኝ ዶሮው ነው። ቀኑን ከእሱ ወረቀት ገለበጥኩ እንጂ ጾም መሆኑን አላሰብኩትም፤ ጾሙን የሚቆጥረው እሱ ነበር።»

«ስትመለስስ?»

«በስልሳ ተመለስኩ። ጎፋ ድረስ ሽማግሌ ይዤ መጥቻለሁ። በራችሁ ጋ አንዲት ጎረቤት አግኝቼ ስለ ገሠሠ እናት ብጠይቃት፣ 'ያ በፍልሰታ ዶሮ የበላውን? ስሙን እንዳትጠራባቸው፣ ረግመውታል' አለችኝ። ያኔ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ሽማግሌዎቹን ይዤ ተመለስኩ። ፈራሁ፣ ትሩፋት።»

እናቴ የሞተችው በሰባ ሦስት ነው። አስቡት። ይህ ሰው በራችን ላይ ቆሞ፣ አንድ ቃል ተናግሮ ቢሄድ ኖሮ እናቴ አሥራ ሦስት ዓመት ለልጇ ታለቅስለት፣ ተዝካሩን ታወጣለት፣ ስሙን በጸሎቷ ትጠራው ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ጾሙን የጠበቀ ልጇን እየረገመች ኖረች። እሱ ስለ ፈራ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ ወንድሜን ደግሞ መርዶ አክባሪ ሰው መርዶ አሳጣው።

ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ሐሚዳ ጆሮዋን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። በመጨረሻ ተነስቼ እንዲህ አልኩት፦ «ከሦስት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ ደጄ ትመጣለህ። እንደ ሥርዓቱ ታረዳኛለህ። ሳህን ደፋ የምትለውን ተረት ግን አላምንህም። አንዴ በስሙ የጻፈ ሁለተኛ በስሙ ቢምል ማን ይሰማዋል?»

የኮንዶሚኒየማችን ዕድር ዳኛ አቶ ወጋየሁ ጡረተኛ ነው፤ ደንብ ሲጠቅስ ዕድሜው ይቀጥላል። ዕለቱን ሄድኩበት።

«ወይዘሮ ትሩፋት፣ ደንባችን አስከሬን ይላል» አለኝ።

«አስከሬኑ ባሕር ውስጥ ነው። ደንብህ ካስገደደህ ሄደህ አምጣው።»

«ከስልሳ ሁለት ዓመት በፊት ለሞተ ሰው ድንኳን ተክለን አናውቅም።»

«ለእኔ የሞተው ዛሬ ነው። ስንቱን ለቅሶ ደርሻለሁ፣ ስንቱን ጎመን ከትፌያለሁ፣ ስንቷን ሐዘንተኛ ይዣለሁ። አሁን የእኔን ክንድ የሚይዙ ሁለት ሴቶችና አንድ ድንኳን እፈልጋለሁ። ደንቡን ደግሞ በኋላ ታነብልኛለህ።»

አቶ ወጋየሁ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ድንኳኑ አርብ ማታ ከሕንፃው ኋላ ተጣጥፎ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። እያወቅሁ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ጠብቄያለሁ። ከፈትኩ። አብደላ በከዘራው ተደግፎ ቆሟል፤ ሐሚዳ ከጎኑ ናት። ከኋላቸው አቶ ወጋየሁና የንስሐ አባቴ ቄስ፣ ደረጃውን የሞሉት ጎረቤቶቼ። ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኜን ያዙኝ። ልሰድበው ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር።

«ትሩፋት» አለ አብደላ፤ ድምፁ በደረጃው ውስጥ አስተጋባ። «ወንድምሽ ገሠሠ ነሐሴ ስምንት ቀን ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት አርፏል። ያየሁት እኔ ነኝ። የቀበርኩት እኔ ነኝ። የደበቅኩትም እኔ ነኝ።»

ለካ ማወቅና መረዳት ለየቅል ናቸው። ሴቶቹ ባይዙኝ ኖሮ ደረጃው ላይ እቀር ነበር። ስልሳ ሁለት ዓመት በለቅሶ ያልጠራሁትን ስም ጠራሁት፤ አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አቃተኝ።

ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ሐሚዳ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አኖረች። የሱቁ ፎቶግራፍ ነው። «ከግድግዳው ያወረደው ራሱ አባቴ ነው» አለችኝ። «እርስዎ ዘንድ ይሁን ብሏል።»

መነጽሬን አደረግሁ። ሱቁ ውስጥ ከሩቅ ልብ ብዬ ያየሁት ፊቱን ብቻ ነበር። አሁን ጠረጴዛውን አየሁ። አብደላ ፊት ያለው ሳህን ላይ የዶሮ እግር አለ። አስተናጋጁ ትልቅ ዝርግ ሳህን ይዞ ወደ ወንድሜ ጎንበስ ብሏል፤ ግራ የገባው ይመስላል። ወንድሜ ፊት ያለው ሳህን ተደፍቷል። ከሥሩ የታተመው የመርከቡ ምልክት ወደ ላይ ሆኖ ይታያል። ከጎኑ ቁራሽ ዳቦና አራት የወይራ ፍሬ። ገሠሠ አንድ እጁን ሳህኑ ላይ ጭኖ ወደ ካሜራው ይስቃል።

ያ ፎቶ ሱቁ ውስጥ ስንት ዓመት እንደተሰቀለ ጠየቅኳት። እሷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ነው አለች። ስንት ሺህ ሰው ሚስማርና ቀለም ሲገዛ የወንድሜን ንጹሕነት አይቶ አልፏል። እናቴ ብቻ አላየችውም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ አብደላ ሊሰናበተኝ መጣ። ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ አልጠፋም። ጎረቤቶቼ ይቅር እንድለው ይጠብቃሉ፤ አቶ ወጋየሁ ጉሮሮውን ሁሉ ጠርጓል።

«አልጨረስክም» አልኩት። «እኔን አርድተኸኛል። አደራ የሰጠችህ ግን እኔ አይደለሁም።»

ገባው። ሐሚዳ መኪናዋን አመጣች። ተሳፍረን ጎፋ ገብርኤል ሄድን። ግቢው ውስጥ እስከ መቃብሯ ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ አብደላ በከዘራው፣ እኔ በጉልበቴ እየተንገዳገድን ደረስን። የመቃብሯን ድንጋይ በነጠላዬ ጠረግሁት። ፎቶውን አስደግፌ አቆምኩ። ከዚያ ለእሱ ቦታ ለቀቅሁለት።

አብደላ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ «እማማ፣ ገሠሠ ጾሙን አልሻረም» ሲል እንደ ምንም ሰማሁት።

እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ ጆሮዋ ከብዶ ነበር።

«ጮክ በል» አልኩት። «አትሰማም።»